አብሽሩ ይላችኋል

ቧንቧ ውሃ፣ ከወፍጮው ጀርባ፣ ቆርቆሮው ቤት፣
ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን የምንጋፋበት፣
መስኮቱ ብርድ ልብስ፣ ወንበሩ አጣና፣
የጦሳ ጭጋግ ወርዶ ደጅ ሲጠና፣
ኑርዬ ይቆማል ከቴሌቪዥኑ ዳር፣
ሸንበቆውን ይዞ፣ የፈረንጁን ነገር ለኛ ሊናገር።

ካባው ቢጫ ነበር፤ ጸጉሩ በቅባት የተላሰ።
ከደመና ወርዶ ከሕዝቡ መሃል ደረሰ፣
ደረቱን ነፍቶ፣ ፈገግ ብሎ፣
ብዙ ተናገረ፣ አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ።
ኑርዬ አዳመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።
ያን ሁሉ እንግሊዝኛ ባንዲት ቃል አሳረገ፦
«አብሽሩ! ይላችኋል።»

እኛም አበሸርን።
ክፉው ሰውዬ ሲስቅ፣ ከተማው ሲናጥ፣
ሕንጻው ሲዘምም፣ ድልድዩ ሲገመጥ፣
አንድ ልጅ አልጮኸም፤ እናውቃለን መቼስ፣
ካባው ቢዘገይ እንጂ እንደማይቀር ከመድረስ።

ሌላም ነበር፣ ስለሚመጣው ዘመን፦
ሰዉ ብርማ ለብሶ፣ ቤቱ መስታወት ሲሆን፣
ሐኪሙ ቁስልን በብርሃን ሲያብስ፣
ጎማ የሌለው መኪና ጣራ ላይ ሲደርስ።
«ደሴ ናት» አለ ኑርዬ፣ «ሁለት ሺህ ሲገባ፤
ሐረጎ ላይ ፍሬን መበጠስ ተረት ይሆናል፣ እናት አታነባ።»
ደሴን የሚመስል አንድ ግድግዳ የለም፤
አንሻ ግን የነሱን በር አወቀችው፣ ከነቀለም።

አንድ ቀን፣ አውቶብሱ ከገደል አፋፍ ላይ፣
ካባው ባንድ እጁ ይዞት፣ ተንጠልጥሎ ከሰማይ፣
መብራት ሄደ።
ጨለማ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣
ሃምሳ ሳንቲሙን ማን ይጠይቅ? የኑርዬን ጉሮሮ ነው የምንጠብቀው።
ጠረገ። አውቶብሱን ጎትቶ አወጣው በቃሉ፣
ተሳፋሪውን ቆጠረ፤ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሁሉም አሉ፣
አንዲት ዶሮ ሳትቀር፤ ከነቅርጫቱ፣ ከነእንቁላሉ።

እንግሊዝኛ ገባኝ ከዓመታት በኋላ፤
ፊልሙን ፈልጌ አየሁት በስልኬ፣ እራቴን ሳልበላ።
ካባው ያን ሁሉ ሲናገር ጆሮዬን አቀናሁ፦
ስሙን ነው የሚጠራው፤ ስለ ከንቲባው ግብዣም አንድ ሁለት ሰማሁ።
«አብሽሩ» የለችበትም። መልሼ አዞርኩት። የለችም።
የኑርዬ ነበረች።

የዛሬዎቹንም አየሁ። ካባቸው ጥቁር፣ ዝናብ አይለቃቸው፣
ጣራ ጫፍ ተቀምጠው፣ ሰው ማዳን ምን እንደሚረባቸው
ራሳቸውን ሲጠይቁ። ልክ ይሆናሉ። እኔም አድጌያለሁ።
ሁለት ሺህ ገባ፣ አለፈ፤ ሐረጎ ላይ ዛሬም ፍሬን ሲበጠስ እሰማለሁ።

አምና ግን፣ መብራት ጠፍቶ በሰነበተ ሰሞን፣
የጎረቤት ልጅ፣ ዘምዘም፣ ጉልበቴን ይዛ «አሁንስ ምን ይሆን?»
ብትለኝ፣ የማውቀው አልነበረም።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።