ዘጠኝ፣ አሁንም ዘጠኝ

ያኔ
ሥራዬ መቁጠር ነበር።
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ መስቀል አደባባይ፣ ደረጃው ላይ፣
ታክሲው ገና ሳይጮህ፣ ሳይገለጥ ሰማይ፣
የሰው ጉልበት እቆጥር ነበር፤
የሰው ላብ፣ የሰው ትንፋሽ፣
ለሰዓት አራት መቶ ብር።

ወይዘሮ አስካለማርያም፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣
ግራ ጉልበታቸው ቀጭ ቀጭ የሚል፣
«ስንት ቀረ?» ይሉኛል።
«ሦስት ብቻ።»
ስምንት... ዘጠኝ...
እና እዚያ፣ ዘጠኝ ላይ፣ እቆማለሁ፤
ዘጠኝ... አሁንም ዘጠኝ... አንዴ ደግሞ ዘጠኝ...
«አንተ ሌባ!» ይላሉ እየሳቁ፣ እየተንቀጠቀጡ፣
«ችሎቴ ብትቀርብ ነበር የማሳይህ!»
ግን ይነሣሉ።
ጉልበት እንዲህ ነው የሚያድገው፦
በተሰረቀ ዘጠኝ።

አሥራ አንድ ዓመት በሰው ሳሎን፣ በሰው ሆቴል ምድር ቤት፣
ፊሽካና ፎጣ በቦርሳ፣
ከስታዲየም ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ፒያሳ፤
ስንቱን ቦርጭ አቀለጥሁ፣ የራሴ ኪስ ሲከሳ።

አሁን
ለገሃር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣
ስም ተከራይቼ ገባሁ።
ስም ይከራያል ለካ!
ብርቱካናማ ስም፣ በመብራት የተጻፈ፣
ከነግድግዳው ቀለም፣ ከነመቶ አርባ ገጽ መመሪያው፤
ፎጣ እንዴት እንደሚታጠፍ፣
እንግዳ በስንት ሰከንድ «እንኳን ደህና መጡ» እንደሚባል፣
ሁሉንም ይላል።
የኔ ስም፣ መርእድ ተካልኝ፣
ንግድ ፈቃዱ ላይ ብቻ፣ ከበሩ ጀርባ፣
ከእሳት ማጥፊያው ጎን ተሰቅሏል።

እህቴ ጥሩአየር የኮንዶሚኒየሟን ካርታ ይዛ ባንክ ገባች፤
«ፈርሚ» አሏት፣ ፈረመች።
ምንም አልተናገረች። ወጥተን ደረጃው ላይ ግን፣
«ክብደቱን የምታነሣው አንተ፣ ወገቡ የኔ» አለች።

ስድሳ ወር።
ባንክ ሲቆጥር ዘጠኝ ላይ አይቆምም፤
አሥር ሲደርስ አሥር ይላል፣
ወለዱን አክሎ ያልፋል።
ስሙም ከባሕር ማዶ እጁን ይዘረጋል፦
ከመቶ ስድስት። ከትርፌ አይደለም፣ ከሽያጬ።
ሲፈርሙት አንድ ይመስላል፤
ሲከፍሉት ነው ሁለት የሚሆነው።

የመስታወት ቢሮ አለኝ።
ውስጡ ተቀምጬ ቦርጭ አወጣሁ፤ አልዋሽም።
የምቆጥረው የጄኔሬተር ናፍጣ ነው፣
የጠፋ ፎጣ፣ ያልከፈለ አባል፣
ለአዲስ ዓመት ተመዝግቦ በመስቀል የተሰወረ።

ትናንት ማለዳ መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ እንደ ጉንፋናም ሁለቴ ስሎ ዝም አለ።
የመሮጫው ማሽኖች በየሰዉ እግር ሥር ሞቱ።
ያ ሁሉ ብርቱካናማ ስም ጠፋ፤
ጨለማው ውስጥ ሁላችንም ያለ ስም ቀረን።
እና ከጥግ፣ የቀጠርሁት ልጅ፣ አቤኔዘር፣
(መመሪያው፣ ገጽ ስድሳ ሁለት፦ «ድግግሞሽ በትክክል ይቆጠር»)
ሲቆጥር ሰማሁት፤
ስምንት... ዘጠኝ...
ዘጠኝ...
እኔ አልነገርሁትም። ማን አስተማረው?

«አንተ ሌባ!» አለ አንድ ድምፅ፣
በችሎት የሠለጠነ፣ የማውቀው።

አባል ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት።
አራት ወር ሙሉ ክፍያቸውን አይቻለሁ፤
ፊታቸውን አላየሁም።

ከመስታወቴ ወጣሁ፣ በዳበሳ።
«ማነው?»
«እኔ ነኝ፣ መርእድ።»
«እ! ልጁ ካንተ ይብሳል» አሉ፣
«አንተ ሦስት ነበር የምትሰርቀኝ፤ ይሄ አራት አደረሰው።»
ከጎናቸው ቁጢጥ አልሁ።
ቀጭ አለ፤ የሳቸው ጉልበት መስሎኝ ነበር።
«ዘጠኝ» አለ ልጁ፣ ለሁለታችን።

ዛሬ ባንክ እሄዳለሁ፤ ዘጠነኛው ወር ነው።
ደረጃው ላይ ጭኔን ያመኛል።