ስድስት ቃል

ጊረሱን ላይ ጥር ነው፤ ባሕሩ ጠቁሮ፣
የቴሌግራፍ ቤቱ መስኮት በጨው ታውሮ፣
ተረኛው እኔ ነኝ። ጉልዛር ከበር ቆማ፣
ሦስት ሌሊት አለፈ ወሬ ሳትሰማ።
ሻርፗ እርጥብ ነው፣ የመረብ ሽታ አለው፤
«ማንበብ አላውቅም» አለች፣ «ሲመጣ በለው።»

ደንቡ አይፈቅድም ነበር። ዐይኗን ግን አየሁት፤
ማሽኑ እንዳንኳኳ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ጮኬ አነበብኩት።

«ልጅሽ»
ስሙን እንኳ አልጠራም፤ ላኪው የሚከፍለው በቃል ነው፣
ስም ለሱ ትርፍ ወጪ ነው።

«ማዕበል»
ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ተፋጠጡ፣
ማን ማንን እንዳገኘ ገና ሳይገልጡ።

«ከበላው»
እዚህ ላይ ማሽኑ ዝም አለ።
መስመሩ በበረዶ ይሰናከል ነበር፣ ጥር ላይ።
በዚያች ዝምታ ጉልዛር ኢማሙን ጠራች፣
ከፈን ገዝታ መጣች፣
ለምራቷ የምትለውን መረጠች፣
ማዕበል ከበላው ስንት ቀኑ ነው ብላ መቁጠር ጀመረች።
እኔም አብሬያት ቆጠርኩ፤ አልዋሽም።

«ጀልባ»
ለካስ የተበላው እሱ ነው! እንጨቱ፣ ሚስማሩ፣ ቅጥራኑ።
ማዕበሉ አፉን ከልጁ ላይ አነሣ፤
የቆፈርነው ጉድጓድ መልሶ ተደፈነ።
ግን ከጀልባው ምን ሆኖ? ወድቆ? ጠፍቶ?

«በሕይወት»
ደስ አላላትም። ይህን ነው የማልረሳው።
የኛ ቋንቋ እሺውንም እንቢውንም ጅራቱ ላይ ነው የሚያስረው፤
«በሕይወት አልተገኘም» የሚል ወረቀት
ያለፈው ሳምንት በዚሁ እጄ አልፏል፣ ለጎረቤቷ።
አንገቷን አስግጋ ከንፈሬን ጠበቀች።

«ወጣ»

ባንኮኒውን ተሻግራ በጥፊ አለችኝ።
«ለምን ከመጀመሪያው አልነገርከኝም?»
«ከመጀመሪያው እኔም አላወቅኩትም» አልኳት።
ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሣቀች፣ ከነጫማዋ፣ ከነውኃዋ።
«ኢድሪስ ደኅና» ቢል ኖሮ ሁለት ቃል ነበር፤
ያ ቆጣቢ ሰውዬ አራቱን በከንቱ ከፈለ።

ጡረታ ወጣሁ፤ ማሽኑም ተሸጠ።
ጆሮዬ ግን አልተማረም፣ እስኪያልቅ አይቀመጥ።
ትናንት ማታ ባለቤቴ፣ «ሐኪሙ ዛሬ» ብላ ጀመረች፣
ሾርባው ሊገነፍል ሲል ወደ ምድጃው ዞረች።
ማንኪያዬን እንደያዝኩ
ስንት ዓረፍተ ነገር ሠራሁ፣ ስንቱን አፈረስኩ።