ፈጸምኩ

ዝናብ ነው ግሪምስቢ፤ ከወደቡ ዓሣው ይሸታል፣
ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቅጹ ፊቴ ተዘርግቷል።
ስም፦ ሞሪስ ኦልድሮይድ። ዕድሜ፦ ስድሳ ሦስት።
የጉዞ ምክንያት፦ ልጄ ፐርዝ ወልዳለች፤ ሴት።
እስከዚህ ሮጥኩ። ከዚህ ሳልፍ ግን ቆምኩ፦
«ወንጀል ፈጽመው ያውቃሉ?» ይላል። አዎ፣ ፈጸምኩ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በቢራ ድፍረት፣
የሰው መኪና፣ አርባ ሳጥን ዓሣ የተጫነበት፣
አስነስቼ ሄድኩ፤ በረዶው ሳይቀልጥ ያዙኝ፣
ዳኛው ቀና ሳይሉ አሥር ወር ሰጡኝ።
አሥሩንም ወር ከነሌሊቱ ቆጠርኩ፣
አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተ፦ ፈጸምኩ።

አንድ ቃል ለሁለት፤ ለጥፋቱም፣ ለካሳው፤
ቅጹ የሚጠይቀኝ ፊተኛውን ብቻ ነው።

ቤተኒ፣ የመጻሕፍቱ ልጅ፣ ከኋላዬ ሆና፣
«አርባ ዓመት አልፎታል፤ የለም ይበሉና...»
አልጨረሰችውም።

ከሥሩ ጠባብ ቦታ፦ «ዝርዝሩን ያብራሩ»።
ልጄ ያልሰማችውን ባዕዳን ቀድመው ሊመረምሩ!

ወጣሁና ደወልኩ። ፐርዝ መሽቷል፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች።
«አባዬ፣ ምነው፣ በሰላም ነው?» አለች።
«ስለ ዓሣ ነው» አልኳት። «ቁጭ በይ።»