ከቃለ ጉባኤው የቀረ

«አስቸኳይ ስብሰባ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት።
የተገኙ አባላት አርባ አንድ። ምልዓት
ተሟልቷል።» የእጄ ጽሑፍ ነው፣
ከባቡር ድርጅት ጀምሮ ያልተሰረዘበት።

ሙቀቱን አልጻፍኩም፤ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
የገንደ ቆሬ አቧራ በበር ስር ሲመጣ።
ስማችንም አለ፣ እስካሁን ያልወጣ፦
ገሚሱ «እድር» ይላል፣ ገሚሱ «አፎቻ»፣
እስክንስማማ ድረስ «ማኅበሩ» ነው ብቻ።

ኢፍቱንም አልጻፍኳት። «ሊቀመንበር» አልኩ እንጂ።
የመጋዘን ቁልፏን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፣
መቶ ስልሳ ወንበር በሐረሪ ቆጥራ፣
የሰበረውን ሰው በሶማልኛ አምርራ፣
ለጎደለ ብርጭቆ በኦሮምኛ ለምና፣
በአማርኛ ብቻ «ፈርም!» ትላለችና።

አጀንዳ አንድ፦ «ስለ ውዝፍ ክፍያ
ሰፊ ውይይት ተደርጓል።» ውይይት ከተባለ!
ኢግሌ ሞቶ ነው ያደረ፣
የታይዋን ገበያው ተሸካሚ፣ ብቻውን የኖረ።
ዘመዱ ጅግጅጋ ነው፤ ስልኩ አይነሣም፤
ቀብሩ ከዙህር ሶላት ወዲያ አይቆይም፤
ደብተሩ ደግሞ ይላል፦ አሥራ አንድ ወር ውዝፍ።

ማንደፍሮ ተነሣ ደንቡን በእጁ ይዞ፦
«አንቀጽ አሥራ አራት። ስድስት ወር ያለፈው
ድንኳንም ወንበርም አይወጣለትም ነው።»
ልክ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ሽምሱ ስለ ሒሳብ፣ ሲራድ ስለ ፈጣሪ፣
ሁሉም ለየራሱ ሆነ ተናጋሪ።
ከኋላ አንድ ልጅ፣ የባጃጅ ሾፌር ነው፣
እጁን ሳያወጣ፦
«ለመሆኑ ወንበሩን ማን ሊሸከመው ነው?»

ዝም አልን።
በየሐዘኑ ቤት፣ እስከዛሬ ድረስ፣
ስድስት ስድስቱን በገመድ አስሮ
ጀርባው ላይ ጭኖ ያመላለሰው ማን እንደሆነ
ቃለ ጉባኤ አልያዘውም።

ኢፍቱ ወደ ውጭ አየች፤ ጥላው አጥሯል።
«ደብተሩን በደንብ እይ እስቲ» አለችኝ፣
«ኢግሌ ከፍሏል።»
በጠረጴዛው ስር ጉልበቴን ነካችኝ፤
ላብ ያራሰው ብር፣ አምስት መቶ ሃምሳ።
የልጇ የትምህርት ቤት መሆኑን አውቃለሁ።
እስክሪብቶዬ ቆመ። ቆይቶ ተነሣ።
ካርኒ ቆረጥኩለት፣ በባለፈው ሐሙስ፣
ኢግሌ በእግሩ ይሄድ በነበረበት ቀን።
«ከፍሏል» አልኩ።

ማንደፍሮ ካርኒውን ተቀብሎ አየው፤
አውራ ጣቱ ላይ ቀለሙ ቀረ።
ጣቱን አየ። እኔን አየኝ። ደንቡን አጠፈ።
ከዚያ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣
የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወንበሮች አሰረ።

የደቻቱን አሸዋ ተሻገርን በሰልፍ፣
ወንበር በየጀርባው፣ ድስት በየእጁ፤
እጀታው አረንጓዴ የእስላም፣ ቀዩ የክርስቲያን።
አምና በነጭ መኪና የመጡት እንግዶች
ቅጽ ዘርግተው ነበር፦ «ተጠቃሚ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ።»
አንዷ ወጣት ድስቶቹን አይታ
«ለምን ትለያላችሁ?» ብላ ጠየቀች፤
«አብረን እንድንበላ ነዋ» አለች ኢፍቱ፣
ቆጠራዋን ሳታቋርጥ።
ልጅቷ ቅጹን ገለባብጣ አየች፤
ለእንዲህ ያለ መልስ ሳጥን አልነበረውም።

ማታ ደብተሩን ከፈትኩት።
«ውዝፍ ተከፍሏል። ንብረት ወጥቷል፤ ተመልሷል።
የጎደለ፦ አንድ ብርጭቆ።»
ፈረምኩ። ፊርማዬ ትንሽ ዘመመ።

በወሩ መጀመሪያ ማንደፍሮ መጣ።
የራሱን ከፈለ። አልሄደም።
ሌላ ሃምሳ ብር ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣
ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፦
«የኢግሌ፣ የዚህ ወር» አለ።

ደንቡ ስለዚህ ምንም አይልም።
ካርኒ ቆረጥኩለት።