ሰረዝ

ሥራዬ ትንሽ ነው፣ ደመወዜም እንዲያው፤
ማለዳ ተነሥቼ፣ ብልቃጡን የማየው፣
ዝናብ በሚሊ ሜትር፣ ነፋሱን በጽዋ
ስሰፍር ነው የኖርሁት፣ ከጨፋ እስከ አዝዋ።
ከአውሮፕላን ሜዳው፣ ከኮምቦልቻ ዳር
ነጭ ሣጥን አለች፣ በአራት እግር የምታድር፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ እኔና እሷ ቆመን
ሰማይ ያለውን ሁሉ፣ በቁጥር ተረጎምን።

ያ ነፋስ ግን የኛ፣ የሰፈር ልጅ አይደል፤
ጦሳ ላይ አልፈላ፣ አልወጣ ከገደል።
ከዐረብ ባሕር ነው፣ ውኃው ታሞ ሲያተኩስ፣
ላቡ እየተነነ፣ ከሰማይ ሲደርስ፣
ባዶውን ሊሞላ፣ አየር ሲገሰግስ፣
ዞሮ ተጠማዝዞ፣ በራሱ ላይ ሲነግሥ።
ባሕረኞች ያኔ፣ ስም አውጥተውለታል፤
በሬዲዮ ሰማሁት፣ የሴት ስም ይመስላል፤
እኛ ጋ ሲደርስ ግን፣ ስሙ መንገድ ቀርቷል።

ጅቡቲ መብራቷን፣ አጥፍታ አሳለፈችው፤
አሳይታ በአሸዋ፣ ካባ ደረበችው፤
“በረሃው በልቶታል፣ ተበትኗል” አሉ
ከበላይ ቢሮዬ፣ በስልክ የደወሉ።
እኔም አመንኋቸው። ሻዬን ቀዳሁና
ጫማዬን አውልቄ፣ ተቀመጥሁ በጤና።
ዳገት የማያውቅ ሰው፣ ዳገትን ይንቃል፤
ነፋስ ግን ዳገት ሲያይ፣ ሞቶ እንኳ ይነቃል፤
ባቲን በአንድ ትንፋሽ፣ ሽቅብ ተወርውሮ
የጎፍን ተጋጨው፣ ደመናውን ጠቅልሎ አስሮ።
የጎፍ ደን ቢኖረው፣ በያዘው በክንዱ፤
ግን የት አለ ጥዱ? ሄዷል ከነግንዱ፣
ለማገር፣ ለከሰል፤ እኔም አለሁበት፤
ከዚያ ነው ምሰሶው፣ እኔ የማድርበት።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።
ሦስቱ ጽዋዎች ዞሩ፣
ዞሩ፣
እስከማይታዩ ዞሩ፤
እንደ ዝንብ ክንፍ ጮኹ፣
ከዚያ ወጥተው በረሩ።
መርፌው ዘጠና ላይ
ደርሶ ቀጥ አለና
አልተመለሰም ገና።
በረዶው የዶሮ ዕንቁላል ያህላል የሚሉት ውሸት ነው፤
እኔ ለክቻለሁ፤ ሎሚ ነው፣ ትንሿ ሎሚ።
ትንሿ ሎሚም ጣራ ትበሳለች።

ሐረጎ ላይ ግንዱ፣ መንገድ ዘግቶባት
ደሴ ጨለማ ውስጥ፣ ሦስት ሌሊት ነጋባት።
ቦርከና ሲሞላ፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ ነው፤
የኑርዬን ባጃጅ፣ ከድልድዩ ወሰደው፤
ጨፋ ላይ ተገኘ፣ ጎማው ወደ ሰማይ፤
ራሱን በሦስተኛው ቀን፣ አገኙት ደንገል ላይ።

ሰፈሩም ወጣ፣ ጣራውን ፍለጋ፣
በየሰው ጓሮ ላይ፣ ገና ቀን ሳይነጋ።
ጦይባ ቆርቆሮዋን፣ ታውቀዋለች በዝገት፣
አረንጓዴ ቀለም፣ ጫፉን ነካክተውት።
ቁምላቸው ጓሮ ነው፣ ድንች ላይ ተኝቶ፤
የሱ ደግሞ እሷ ጋ፣ ከግንቡ ተጣብቶ።
“ውሰጂ” “ውሰድ” ሲሉ፣ ደመናው ጠቆረ፤
ሁሉም የያዘውን፣ ቤቱ ላይ ቸነከረ።
እስከ ዛሬም ድረስ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር
የቁምላቸው ጣራ ነው፣ ጦይባ ቤት የሚናገር።

ማታ በኩራዝ ቅጹን ሞላሁ።
“ከፍተኛ የነፋስ ፍጥነት” ይላል፤
ሰረዝ አሰመርሁ።
ሰረዝ በኛ ሥራ፣ አልታወቀም ማለት ነው።
ስልኩ ሲሠራ ደወሉ፦ “ስንት ነበር?”
“ሰረዝ” አልሁ።
“ግምትህን ስጠን።”
ዝም አልሁ።
ለኑርዬ የሚሆን ዓምድ ፈለግሁ፣ ከላይ እስከ ታች፦
ሙቀት፣ እርጥበት፣ የደመና ዓይነት፣ የጤዛ ነጥብ።
የለም።

አዲሶቹ ጽዋዎች በሐምሌ መጡ፣ በካርቶን።
ስሰቅላቸው ሰዓዳ፣ የኑርዬ እናት፣
ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ታየኛለች።
“ይሄ ነው?”
“ይሄ ነው።”
“ሳይመጣ ይናገራል?”
“ሳይመጣ አይደለም እትዬ፤ ከመጣ በኋላ ነው።”
ቆየች።
ጽዋዎቹ በቀስታ ዞሩ፤ መርፌው ሁለት አለ፤
ሁለት ብዬ ጻፍሁ።
ሻሿን አጥብቃ አሰረችና
ቁልቁል ወረደች፣ በቦርከና በኩል።