ለድመት አይሆንም

ፈታሹ በማሽን ሻንጣዬን አይቶ
"ይኼ ምንድን ነው?" አለኝ ቅንድቡን አንሥቶ።
"ሥጋ ነው ልበልህ፣ ነፍስ ግን የለበትም፤
ለድምፅ ጉበት ነው፣ ለድመት አይሆንም።"
ሳቀና አሳለፈኝ።

ሀመርፌስት ስደርስ፣ ፀሐይ ተሰናብታ
ቀትሩም ሌሊት ነው፣ ጠዋቱም ነው ማታ።
ሥጋ መሳዩን ጡብ ከአልጋዬ ጎን አኖርሁ፣
ሃያ ሁለት ዲግሪ እስኪደርስ ጠበቅሁ፤
ቅዝቃዜ ከገባው ድምፅ ይዘገያል፣
ድምፅ ከዘገየ ሚሊሜትር ይዋሻል።
ኦድቫር ስልክ ደውሎ፣ "በላሽ ወይ?" ሳይለኝ፣
"ጡብሽስ ሞቀው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ጠዋት፣ ሦስተኛው ክፍል። ማሬት ቀድማኛለች፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ግራጫ ስታነብ የኖረች።
መጋረጃ ዘጋን። ውጪው ጨለማ ነው፤
ለምን እንደዘጋን ማናችንም አልጠየቅን።
ጄሉን አፈሰስሁ፣ መዳሰሻውን ጫንሁ፤
ድምፁን ወደ ታች ልኬ ማሚቶ ጠበቅሁ።

በጡቡ ሆድ ውስጥ ናይሎን ክሮች አሉ፣
በየሴንቲሜትሩ ተለክተው የተሰቀሉ።
መልሱን ስለማውቀው ነው የምጠይቀው፤
ከሰው ሆድ ላይ ግን ማንም መልሱን አያውቀው።

አንደኛው ክር ነጥብ ነው። ሁለተኛው ነጥብ።
ስምንተኛው ጋ ሲደርስ ሰረዝ መሰለኝ፣
እንደ እንቅልፋም ተማሪ መስመር ሳተብኝ።
ጥቁር ክቦች አሉ፣ ውሃ የቋጠሩ፤
ትልልቆቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ።
ስድስት ሚሊሜትሩ፣ ከሥር ጥግ ያለው፣
አምና ያየሁት ነው፤ ዘንድሮ ጉም በላው።
ድምቀቱን ጨመርሁ፤ ጉሙም አብሮ ደመቀ፤
ማሳመር ማሳየት እንዳልሆነ ታወቀ።

የወረቀት ማያዣ ሽቦ አቀናሁና
በመዳሰሻው ፊት ቀስ ብዬ ጎተትሁ፤
ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ከዚያ ምንም።
ከመቶ ሃያ ስምንት ጥርሱ አራቱ የሉም።
ሲስቅ አያስታውቅም።

ማሬት ጣቷን ባዶው ቦታ ላይ አኖረች፣
"ከሚያዝያ ጀምሮ ነግሬያቸው ነበር" አለች።
"ምን ብለሽ?"
"ዐይኔን ደከመኝ ብዬ።"
"ምን አሉሽ?"
"መነፅር ግዢ አሉኝ።"
ዝም አለች። "ገዛሁ።"

ከሚያዝያ እስከ ኅዳር። ስም አላነሣችም፤
እኔም አልጠየቅሁ፤ መጠየቅ አልቻልሁም።
በስክሪኑ ብርሃን ግን ከንፈሯን አየሁት፣
ይንቀሳቀሳል። ትቆጥራለች።

ቅጹ ሁለት ሳጥን አለው፦ "አለፈ"፣ "ወደቀ"፤
ለማሬት ዐይን የሚሆን ሳጥን አልታወቀ።
"ወደቀ" ላይ ምልክት አደረግሁ። ከዳር፣
ማንም ከማያነበው ነጭ ቦታ ዳር፣
እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦
"ባለሙያዋ ከመሣሪያዬ ሰባት ወር ቀድማለች።"

ጡቡን አበስሁ፤ ክዳኑን ገጠምሁ፤
ክፍት ከተተወ ይደርቃል እሱም።
ቀይ ወረቀት ለጠፍን። መብራት ስናበራ
ሁለታችንም ዐይናችንን ጨፈንን።

በር ስንከፍት አንዲት ሴት፣ ካፖርቷን አቅፋ፣
ቁጥሯን በእጇ ይዛ ተነሣች።
"ዛሬ በሌላ ክፍል ነው" አለቻት ማሬት።
ሴትየዋ ቀይዋን ወረቀት አየች፣
ከዚያ የራሷን ሆድ፣
"ባለፈው" አለች፣ "እዚህ ነበር የታየሁት።"