ስንት ቶን ያነሳል?

ኅዳር ነው ግዲኒያ፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት
ቀኑ እንደ ሠራተኛ ቀድሞ ገብቷል ከቤት።
እኔ ከላፕቶፕ ሱቅ፣ ከባንኮኒው ጀርባ፣
የቅናሽ ወረቀት ስለጥፍ፣ በር ተከፍቶ ብርድ ሲገባ፣
ወይዘሮ ቦጉሚዋ ብርዱን ተከትለው፣
እንደ ታመመች ድመት በሻርፕ ጠቅልለው፣
አሮጌ ላፕቶፕ ከብብት ሥር ይዘው
መጡና፣ ባንኮኒው ላይ አጋደሙት ቀስ ብለው።

«ይኸ» አሉኝ፣ «ቤቴን ስስል፣ ግድግዳ ላይ ይደክማል፤
ሦስቱን እሺ ይላል፣ በአራተኛው ይቆማል፤
ጣሪያ ልግጠም ስለው ያተኩሳል፣ ያቃስታል፤
ኮርኒሱን ሳላየው ጥቁር ሆኖ ይተኛል።»

እኔም እንደ ልማዴ የቃል ጎርፍ ለቀቅሁባቸው፦
«ለቤት ንድፍ ፕሮግራም» አልኳቸው፣
«ጠንካራ ፕሮሰሰር፣ ሠላሳ ሁለት ጊጋ ራም፣
ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ...»
መዳፋቸው ተነሳ፤ አፌ ባለበት ቀረ።
የወደብ ምልክት ነው፤ በኋላ ነው የገባኝ፤
ያን መዳፍ ያየ ሁሉ ሥራውን ያቆም ነበረ።
«ልጄ፣ ይኸ ስም ነው። ስንት ቶን ያነሳል? እሱን ንገረኝ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ መርከብ መሥሪያው ግቢ፣
ክሬን ነድተዋል።
ከመሬት አርባ ሜትር፣ መስታወት ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው፣
የመርከብን ግማሽ ጎን እንደ እንቁላል አንስተው
እንደ እንቁላል ያሳርፉ ነበር፤
ብረት በያጆቹ ከታች ቀና ብለው፣
ትንፋሻቸውን ይዘው።

እና ነገሬን ሁሉ ወደ ክሬን መለስኩት፦
ፕሮሰሰሩ ሞተር ነው። ራሙ ሜዳው ነው፣
ዕቃ የሚዘረጉበት፤ ሜዳው ከጠበበ
ሞተሩ ቢጎለብት ጭነቱ የት ይረፍ?
ግራፊክስ ካርዱ ግን ክንዱ ነው፣ ረጅሙ፣
ቤትዎን ከነመስኮቱ፣ ከነብርሃን ከነቀለሙ
አንጠልጥሎ የሚያዞር።
«ገመዱስ?» አሉኝ።
ስለ ገመድ አላሰብኩም ነበር።

ቀጭኗን፣ ብርማዋን፣ በሁለት ጣት መዘኗት፤
«ይህቺ የሠርግ ናት» ብለው ከቦታዋ መለሷት።
ቀይ መብራት የሚተፋውን፣ የጌም ልጆች የሚሳሱለትን፣
«ይኸስ ማን አስቆጥቶት ነው?» ብለው አለፉት።
ሦስተኛው የአምናው ነው፤ ወፍራም፣ ክዳኑ የተጫረ፣
ከመደርደሪያው ግርጌ አቧራ ለብሶ የኖረ።
«እሱን» አሉ።

ፍላሽ ሰካን። ቤቱ ብቅ አለ፦
ሠላሳ ስምንት ካሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
በገዛ ክንዳቸው የተለካ ከበር እስከ መስኮት፤
ጨለማ ኩሽና፤ ቀጥሎ ጠባቧ ክፍል፣
ባላቸው ብሩኖን ሁለት ዓመት የተኛባት፤
በመካከል አንድ ግድግዳ።
«እሱን ነው የማነሳው» አሉ፣ «ብርሃን እንዲገባ።»
አንዲት ቁልፍ ነኩ። ግድግዳው የለም።
መዶሻ የለ፣ አቧራ የለ። ፀሐይ ከዚያኛው መስኮት
ኩሽናው ወለል ላይ ሰተት።

ይኼኔ የላፕቶፑ ማራገቢያ ተነሳ፤
ጆሯቸው ከእኔ ቀድሞ ሰማ።
ቀና አሉ ወደ ኮርኒሱ፣ አርባ ሜትር ላይ እንዳለ ሰው፦
«ነፋስ ሲነሳ ጭነት አየር ላይ አያድርም።
መልሰው። ቀስ አድርገህ።»

መለስኩት። ግድግዳው በቦታው ቆመ፤
አመልካች ጣታቸው ስክሪኑ ላይ፣
አልጋ የነበረበት ጋ፣ ጥቂት አዘገመ።
«አሁን እንደገና።»
ሦስት ጊዜ አነሳን፣ ሦስት ጊዜ አወረድን፤
አልደረቀም፣ አላቃሰተም።
«ያነሳል» አሉ።

ከዚያማ ወደ ክዳኑ ጭረት መጣን፤
ሁለት መቶ ዝሎቲ አስቀንሰው፣ ማውዝ አስመረቁኝ።
ግድግዳውን መቼ እንደሚያፈርሱ ልጠይቅ ነበር፤ ተውኩት።

አሮጌውን በሻርፑ መልሰው ጠቅልለው፣
ሞቃቱ ቦታ፣ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣
አዲሱን በፌስታል፣
በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ውስጥ ገቡ።
አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሊነሳ ነው።
ክንዳቸው ወጣ፣
ፌስታሉ ከአንጓቸው እንደተንጠለጠለ፣
መዳፋቸው ተዘረጋ፤
አውቶቡሱ ቆመ።